«ትጥቅ» ምን ማለት ነው? ስለ ቃሉ ትርጉምና አጠቃቀም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አማርኛ የጦር መሣሪያን በጅምላ የሚጠራባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፦ ትጥቅ፣ የጦር መሣሪያ፣ ነፍጥ፣ ብረት፣ ዕቃ ጦር። ከሁሉም ይበልጥ ጥያቄ የሚያስነሣው «ትጥቅ» ነው። ዜና የሚጽፉ፣ ሰነድ የሚተረጉሙ፣ አማርኛ የሚያስተምሩና የሚማሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ከነመልሱ ቀጥሎ ቀርቧል።

«ትጥቅ» በአጭሩ ምን ማለት ነው?

አንድ ተዋጊ፣ አንድ ቡድን ወይም አንድ ሠራዊት ለውጊያ ታጥቆ የያዘው ሁሉ ነው። ጠመንጃው፣ ጥይቱ፣ ዝናሩ፣ ሳንጃው፣ የእጅ ቦምቡ አንድ ላይ ሲጠሩ ትጥቅ ይባላሉ። አንዱን ዕቃ ነጥሎ ለማመልከት ቃሉ አይመችም። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሽጉጥ ያየ ሰው «ሽጉጥ ነው» ወይም «መሣሪያ ነው» ይላል እንጂ «ትጥቅ ነው» አይልም። ያው ሽጉጥ በባለቤቱ ወገብ ላይ ከነማኅደሩና ከነጥይቱ ሲታይ ግን የትጥቁ ክፍል ይሆናል።

ቃሉ ከምን የወጣ ነው?

«ታጠቀ» ከሚለው ግስ ነው። ከ«ታገለ» «ትግል» እንደ ወጣ ሁሉ ከ«ታጠቀ» «ትጥቅ» ወጣ። ታጠቀ ማለት ደግሞ በመጀመሪያ ትርጉሙ ወገቡን በመታጠቂያ አሰረ ማለት ነው፤ ነገሩ ከብረት ሳይሆን ከወገብ ይጀምራል። ቀበቶ የሚያስር ሰው ይታጠቃል፤ ሱሪ የሚለብስም «ሱሪ ታጠቀ» ይባላል። በአማርኛው ወንጌል «ወገባችሁ የታጠቀ መብራታችሁም የበራ ይሁን» ሲባል ስለ ጎራዴም ስለ ጠመንጃም የተነገረ ነገር የለም። ለመንገድና ለሥራ የተዘጋጀ ሰው ልብሱ እንዳይዝረከረክ ወገቡን ያስራልና ነው።

ከወገብ ወደ መሣሪያ የተሻገረበትን መንገድ ለማየት የድሮውን ወታደር አለባበስ ማሰብ ይበቃል። ጎራዴው በቀኝ ጎኑ ከወገቡ ላይ ይታሰራል። ጠመንጃ ሲመጣ ደግሞ ዝናር ተጨመረ፤ ጥይቶቹ በየኪሳቸው ተደርድረው ወገብን የሚዞሩበት የቆዳ መታጠቂያ ማለት ነው። ሽጉጡም ስሙ እንደሚናገረው በወገብ ይሸጎጣል። የሚዋጋበት ነገር ሁሉ ወገቡ ላይ የሚታሰር ሰው «ታጠቀ» ሲባል መሣሪያ ያዘ ማለት እየሆነ ሄደ፤ የታጠቀውም ነገር ትጥቅ ተባለ። ዛሬ ታንክና መድፍ በማንም ወገብ ላይ አይታሰርም፤ ቃሉ ግን እነርሱንም ጨምሮ ያቅፋል።

ይህን አመጣጥ ያወቀ ሰው ከዚህ በታች ያሉትን አብዛኞቹን ጥያቄዎች ራሱ መመለስ ይችላል። ትጥቅ ምንጊዜም ከታጣቂው ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ ባለቤት ይፈልጋል።

«ትጥቅ» እና «የጦር መሣሪያ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የጦር መሣሪያ ዕቃው ነው፤ ይመረታል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ በድብቅ ይዘዋወራል፣ ይቆጠራል፣ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። ትጥቅ ዕቃው በሰው ወይም በሠራዊት እጅ ገብቶ የውጊያ ዝግጁነት ሲሆን ነው። ስለዚህ «ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ ዝውውር» ትክክለኛ አነጋገር ነው፤ «ሕገ ወጥ የትጥቅ ዝውውር» ጆሮን ይቆረቁራል። በመኪና ተጭኖ ሲጓዝ የተያዘ ክላሽ ገና የማንም ትጥቅ አይደለም።

ሕጉም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ስሙ «የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ» ነው። የሚቆጣጠረው ዕቃውን በመሆኑ «የትጥቅ አዋጅ» አልተባለም፤ መባልም አልነበረበትም።

በዜና ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ አጻጻፍ እዚህ ላይ መታረም አለበት። «ፖሊስ 12 ትጥቅ በቁጥጥር ሥር አዋለ» የሚል ዓረፍተ ነገር በሁለት መንገድ ይሰናከላል። አንደኛ፣ የማይቆጠረውን ይቆጥራል። ሁለተኛ፣ ምን እንደ ተያዘ አይናገርም። «12 ክላሽንኮቭ ጠመንጃዎች ከ300 ጥይት ጋር» ቢባል አንባቢ ነገሩን ያየዋል፤ ዝርዝሩ ከሌለ «12 የጦር መሣሪያዎች» ይበቃል። በሌላ በኩል «ቡድኑ ያለው ትጥቅ ከመንግሥት ኃይል ጋር የሚመጣጠን አይደለም» ሲባል ቃሉ ቦታውን አግኝቷል፤ ስለ አንድ ወገን ጠቅላላ አቅም ነውና የሚናገረው።

«መሣሪያ» ብቻውን የጦር መሣሪያ ማለት ይሆናል?

በንግግር ይሆናል። «መሣሪያ ይዟል» ሲባል የሚሰማ ሁሉ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ እንጂ መዶሻ አያስብም። በጽሑፍ ግን መሣሪያ ከ«ሠራ» የወጣና ማንኛውንም የሥራ ዕቃ የሚያመለክት ቃል መሆኑን መርሳት አይገባም፤ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የሕክምና መሣሪያ፣ የእርሻ መሣሪያ አለ። ስለዚህ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የጦር መሣሪያ» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ በኋላ «መሣሪያ» ማለት ጥሩ ልማድ ነው።

«ጦር» ራሱስ የወል ስም አይደለም?

ጦር ብዙ ትርጉም የተሸከመ ቃል ነው። መጀመሪያ የሚወረወረው እንጨትና ብረት ነው፤ ከዚያ ሠራዊት ሆነ፤ ከዚያም ጦርነት። «ጦር ወረወረ»፣ «ጦር ሰበቀ»፣ «ጦር አዘመተ»፣ «ጦር ገጠመ» አንድ ቃል ናቸው፤ ትርጉሙን የሚነግረን አብሮት ያለው ግስ ነው። «የጦር መሣሪያ» ውስጥ ያለው ጦር ውጊያን የሚያመለክተው ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተሰጠው «የጦር ሚኒስትር» የሚል ማዕረግም በዚሁ ስሜት ነው። ዛሬ «ጦር አለው» ብንል ሠራዊት አለው ማለት ስለሚሆን ጦር ለመሣሪያ የወል ስምነት አያገለግልም።

«ትጥቅ ፈታ»፣ «ትጥቅ አስፈታ» እና «መሣሪያ አስረከበ» አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ልዩነታቸውም ቀላል አይደለም።

ትጥቅ ፈታ የሚባለው የታጠቀው ወገን ራሱ ነው። የታሰረ ነገር ይፈታል፤ ግሱ እንደገና ከወገብ የመጣ ነው። ሰውየው ዝናሩን ከወገቡ ሲፈታ ጠመንጃውን ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው፤ ተዋጊነቱንም ያበቃል። ትጥቅ አስፈታ ሲባል ሌላ ወገን አለ፤ በኃይል ወይም በስምምነት እንዲፈታ አደረገው። መሣሪያ አስረከበ ግን የዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ብቻ ይናገራል። አንድ ወታደር ሥራ ሲለቅ መሣሪያውን ለግምጃ ቤቱ ያስረክባል፤ ትጥቅ ፈታ አይባልም። አንድ ቡድን ደግሞ ጥቂት ጠመንጃዎችን አስረክቦ ትጥቁን ሳይፈታ ሊቆይ ይችላል። በድርድር ዜና ላይ ይህን ልዩነት ያጠፋ ጋዜጠኛ አንባቢውን አሳስቷል።

በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በፌዴራል መንግሥትና በሕወሓት መካከል የተፈረመው ስምምነት ቃሉን በየቀኑ ከአፋችን አስገባው። ስምምነቱ የከባድና የቀላል መሣሪያን ነገር ለይቶ ስለሚያነሣ፣ በዚያ ሰሞን በወጡ ዘገባዎች «ከባድ መሣሪያ አስረከበ» እና «ትጥቅ ፈታ» እየተቀላቀሉ ሲጻፉ ምን ያህል ግርታ እንደ ፈጠሩ ብዙዎች ያስታውሳሉ። የመጀመሪያው የሂደቱ አንድ ደረጃ ነው፤ ሁለተኛው የሂደቱ መጨረሻ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን የያዘው ሥራም ትጥቅ ማስፈታትን፣ ተዋጊዎችን ማሰናበትንና መልሶ ማቋቋምን አንድ ላይ የሚያያዝ ነው፤ ትጥቅ የፈታ ሰው ኑሮ ያስፈልገዋልና።

ትጥቅ መፍታት በሀገራችን ስሜት የሚነካ ነገር መሆኑንም አለመዘንጋት ነው። ለብዙ ገጠሬ ጠመንጃ የቤት፣ የመሬትና የክብር ጠባቂ ሆኖ ኖሯል። «ትጥቁን ተገፈፈ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ልብስ ከመገፈፍ ጋር ግስ ይጋራል። ስለዚህ ገለልተኛ ዘገባ የሚጽፍ ሰው «ተገፈፈ»ን ትቶ «ትጥቅ እንዲፈታ ተደረገ» ቢል ለማንም ሳያደላ እውነቱን ይናገራል።

«ስንቅና ትጥቅ» ለምን አብረው ይጠራሉ?

ዘመቻ ሁለቱን ስለሚፈልግ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ክተት ሲታወጅ ዘማቹ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚጠብቀው ነገር ጥቂት ነበር። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጦርና ጋሻውን ያነሣል፤ በሶው፣ ጭኮው፣ ቆሎው በአቅማዳ ይሞላል፤ በቅሎ ያለው ይጭናል፤ ሚስት ወይም አገልጋይ ምግቡን እያዘጋጁ ይከተላሉ። ስንቅ የሆድ፣ ትጥቅ የወገብ ነው። አንዱ ከጎደለ ዘመቻው ይቆማል። የአድዋን ድል በመሣሪያ ብዛት ብቻ የሚያስረዱ ጽሑፎች ይህን ግማሽ የሚዘልሉ ይመስለኛል፤ የጣይቱን የስንቅ አደረጃጀት ሳያነሡ ስለዚያ ዘመቻ መጻፍ ጎዶሎ ነው።

ዛሬ ሎጂስቲክስ የሚለው ቃል ቦታውን ይዟል። ነገር ግን «ስንቅና ትጥቅ» ለአማርኛ አንባቢ ሳይብራራ ይገባል፤ ለተርጓሚዎች የምመክረውም እርሱን ነው።

«ነፍጥ» እና «ብረት»ን በ«ትጥቅ» ቦታ መጠቀም ይቻላል?

ነፍጥ ጠመንጃ ነው። «ነፍጥ አነሣ» ሲባል ግን በመሣሪያ መታገል ጀመረ ማለት በመሆኑ የወልነት መልክ ይይዛል። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ እዚያ ተቀጣጣይ ዘይትን፣ በኋላም ባሩድንና የሚተኮስ መሣሪያን ያመለክት ነበር። ከእርሱ የወጣው «ነፍጠኛ» በመጀመሪያ ነፍጥ ያዥ ወታደር ማለት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ በፖለቲካችን ውስጥ ሰውን ከሰው የሚለይና የሚያቆስል ስያሜ ሆኗል። ስለዚህ «ነፍጥ»ን የሚጠቀም ጸሐፊ ቃሉ ይዞት የሚመጣውን ሸክም ማወቅ አለበት።

ብረት የጀግና አነጋገር ነው። በፉከራና በቀረርቶ፣ በወግም ውስጥ «ብረቱን ወልውሎ» ሲባል ጠመንጃውን ማለት ነው። ለሪፖርትና ለሕግ አይሆንም።

የየጠመንጃው የግል ስም ደግሞ የራሱ ሀብት አለው። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ አልቢን፣ ስናድር፣ ቤልጅግ፣ ጓንዴ፣ ዲሞትፈር። አብዛኞቹ የአውሮፓ ፋብሪካና የፈልሳፊ ስሞች በአማርኛ አፍ ተገርተው የቀሩ ናቸው፤ ለበን የፈረንሳዩ ለቤል፣ ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። መትረየስም ከፈረንሳይኛ፣ መድፍ ከዐረብኛ መጥተው ቤተኛ ሆነዋል። ታሪካዊ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው «ጠመንጃ» ብሎ ከሚያልፍ ስማቸውን ቢጠራ ዘመኑንም ይጠራል።

በድሮ ጽሑፎች የሚገኘው «ዕቃ ጦር» ምንድን ነው?

ዕቃ ጦር የትጥቅ ታላቅ ወንድም ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኤፌሶን መልእክት 6ኛ ምዕራፍ፣ «የእግዚአብሔርን ዕቃ ጦር ሁሉ ልበሱ» ይላል። ቀጥሎ የተዘረዘሩት የወገብ መታጠቂያ፣ ጥሩር፣ ጫማ፣ ጋሻ፣ የራስ ቁርና ሰይፍ ናቸው። «ልበሱ» የተባለው ለዚህ ነው፤ አብዛኛው የሚለበስ ነው። በግእዝ ደግሞ ንዋየ ሐቅል ይባላል። ንዋየ ቅድሳት የሚለውን የሚያውቅ ምእመን አሰካኩን ወዲያው ይረዳል፦ ያኛው የመቅደስ ዕቃ፣ ይህኛው የሜዳ ዕቃ። ዛሬ ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያንና ከጥንት ታሪክ ውጭ አይሰሙም፤ በዘመናዊ ዘገባ ውስጥ ቢገቡ ይጎረብጣሉ።

ጋሻ ትጥቅ ነው?

አዎ። ተዋጊው ለውጊያ የያዘው ሁሉ ትጥቅ ነው፤ የሚወጋበትም የሚከላከልበትም። የዛሬው ጥይት መከላከያ ሰደርያም እንደዚያው።

«ታጣቂ» የተባለ ሁሉ ሽፍታ ነው?

አይደለም፤ ግን የዜና ልማድ ወደዚያ እየገፋው ነው። ታጣቂ ማለት የታጠቀ ሰው ነው፤ ፖሊሱም ሚሊሻውም ታጣቂ ነው። ሆኖም «ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች» የሚለው ሐረግ ከመደጋገሙ የተነሣ፣ ዛሬ «ታጣቂዎች ገቡ» ሲባል የመንግሥት ኃይል ያልሆኑ ማለት ተደርጎ ይወሰዳል። ጸሐፊ ማንነታቸውን ካወቀ ይጻፈው፤ «ታጣቂ» ማንነትን መሸፈኛ መሆን የለበትም። ለመንግሥት ሠራዊት «የታጠቁ ኃይሎች» የሚሉ አሉ። ነባሩ ስያሜ ግን «የጦር ኃይሎች» ነው፤ በ1966 ዓ.ም. የተነሣው ደርግ ሙሉ ስሙ «የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ» ነበር፤ የአዲስ አበባው ጦር ኃይሎች ሰፈርም ስሙን እንደያዘ አለ።

«አስታጠቀ» ሲሆን ለሌላው መሣሪያ ሰጠ፣ አደራጀ ማለት ይሆናል። ማን ማንን እንዳስታጠቀ መናገር ከባድ ክስ ነው፤ ያለ ማስረጃ አይጻፍም።

«የትጥቅ ትግል» ወይስ «ትጥቅ ትግል»?

«የትጥቅ ትግል»። በሰላማዊ ትግል አንጻር የሚቆም ሐረግ ነው። በየካቲት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. በደደቢት የተጀመረው ትግል ሲተረክ «የትጥቅ ትግል» ይባላል፤ «የጦር መሣሪያ ትግል» ያለ የለም።

የስፖርት ቡድን ልብስም «ትጥቅ» ይባላል። ስሕተት ነው?

ስሕተት አይደለም። ማሊያ፣ ቁምጣ፣ ካልሲና ጫማ አንድ ላይ የስፖርት ትጥቅ ናቸው። ተጫዋቹም ለግጥሚያ ይታጠቃል፤ ቃሉ ወደ ጥንቱ የወገብ ትርጉም መለስ አለ ማለት ይቻላል። በርዕስ ላይ ግን «የስፖርት» የሚለውን መተው አደገኛ ነው። «ክለቡ አዲስ ትጥቅ ተረከበ» የሚል ርዕስ ከፖለቲካ ዜና አጠገብ ከወጣ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

በዘይቤም ይሠራል። «ዕውቀት የታጠቀ ትውልድ»፣ «ለሥራ ታጥቆ ተነሣ»፣ «ትጥቁን ጠበቅ አድርጎ»። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጥንታዊና ጤናማ ናቸው። «በዘመናዊ ቴክኖሎጂ የታጠቀ ሆስፒታል» የሚለው ግን አይጥመኝም፤ «የተደራጀ» ወይም «የተሟላ» እያለ ሆስፒታልን ማስታጠቅ ምን ያደርጋል?

ለተለመዱት ዓለም አቀፍ ስያሜዎች የትኛውን ልጠቀም?

የተረጋጉት እነዚህ ናቸው፦ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ፣ የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም፣ የጦር መሣሪያ ንግድ፣ የኑክሌር ጦር መሣሪያ፣ ትጥቅ ማስፈታት፣ ትጥቅ ቅነሳ። ንግዱና ማዕቀቡ ዕቃውን ስለሚመለከቱ «የጦር መሣሪያ» ወሰዱ፤ ማስፈታቱና ቅነሳው የአንድን ወገን ይዞታ ስለሚመለከቱ «ትጥቅ»። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከመውረሯ በፊት እነ ፈረንሳይና እንግሊዝ በሀገራችን ላይ ያደረጉት ክልከላ «የጦር መሣሪያ ማዕቀብ» ነው። ወራሪው በገዛ ፋብሪካው ሲያመርት ተወራሪው ከውጭ እንዳይገዛ ተከልክሏልና።

በተቋማት ስም ላይ «አርማመንት» የሚለው የውጭ ቃልም ገብቷል፤ «ጋፋት አርማመንት» ምሳሌው ነው። አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ሴባስቶፖልን ያሠሩባትን ጋፋትን ማስታወሱ ደስ ይላል። «ጋፋት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ» ቢባልም ምንም አይጎድልበትም ነበር።

ብዙ ቁጥሩ «ትጥቆች» ነው?

ለጦር ነገር «ትጥቆች» አይባልም፤ «ትጥቅ» ራሱ ብዙውን ያቅፋል። ብዛት ለመናገር ከተፈለገ «ብዙ ትጥቅ»፣ «ከፍተኛ ትጥቅ»፣ «ሙሉ ትጥቅ» ይበቃል። በስፖርት ግን የተለያየ ዓይነት ሲቀርብ «የስፖርት ትጥቆች» ማለት የተለመደ ነው፤ ልከለክለው አልሻም።

አጻጻፉስ? «መሣሪያ» ነው «መሳሪያ»?

ከ«ሠራ» ስለወጣ በንጉሡ ሠ «መሣሪያ» ነው። «መሳሪያ» በየጋዜጣው አለ፤ ማንም ሳይቸገር ያነብበዋል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን ማቀላቀል ግን አይገባም። «ትጥቅ» ላይ የፊደል ምርጫ የለም፤ ጠ ብቻ ነው፤ «ትጽቅ» እና «ትጥክ» የሚሉት የትየባ ግድፈቶች ናቸው። «ከነትጥቁ» አንድ ላይ ይጻፋል፤ «ከነሙሉ ትጥቁ» ሲሆን ሁለት ቃል ነው።